የባጫ ማሳ ፎቶ

ወለተማርያም ለመዝናናት ብላ መኪና ውስጥ የገባችው በዕድሜዋ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያንንም ቀን ስታነሳ እስከዛሬ ከንፈሯን ታጣምማለች።

ቤቷ ቁስቋም ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ዳገቱ ላይ ከተንጠለጠሉት አሮጌ ቤቶች አንዱ። ዕድሜዋ ስድሳ ሦስት ነው። ሃያ ስምንቱን ዓመት የሰው እርሻ ስትለካ ኖራለች። የመንግሥት የሰብል ቆጣሪ ነበረች። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ሜትር፣ ኮምፓስና ችካል ይዛ ገጠር ትወርዳለች፤ ዕጣ የወጣበትን ገበሬ ማሳ ዙሪያውን ትለካለች፤ ከመሀሉም አራት ሜትር በአራት ሜትር የሆነች ቁራጭ በገመድ ታጥራለች፤ እህሉ ሲደርስ ያቺን ቁራጭ አሳጭዳ፣ አድርቃ፣ መዝና ቅጹ ላይ ትሞላለች። በዚህ ሥራ ጉልበቷ አለቀ። ባልም ሳታገባ ቀረች። «አራት ወር ሙሉ ሚስቱን ለገብስ የሚለቅ ባል የት ይገኛል?» ትላለች ሲጠይቋት። ኦሮምኛ የቻለችው እዚያው ማሳ ላይ ነው። ስንዴን ከመንገድ ማዶ አይታ ምን እንደጎደለው መናገርም እዚያው ለመደች።

ሰው መናቅንም የተማረችው እዚያ ነው። ከመኪና ሳይወርዱ በመስኮት «ምርቱ እንዴት ነው?» ብለው የሚመለሱ አለቆቿን ንቃ ጡረታ ወጣች። አሁን ደግሞ ቤቷ ቁጭ ብላ ቴሌቪዥን ታያለች፤ አዲስ ቦት ጫማ ተጫምቶ ማሳ መሀል እየቆመ «ልምላሜው ልብን ይማርካል» የሚለውን ጋዜጠኛ ሁሉ ትሰድባለች። «ከእግርህ በታች ያለውን መጀመሪያ እየው፣ አንተ ጅል! ቡቃያ ላይ ነው የቆምከው!» ጎረቤቶቿ በግድግዳው በኩል ድምጿን ሰምተው ዜና እንደተጀመረ ያውቃሉ።

ከሁሉ የምትወደው፣ ከሁሉም አብዝታ የምትንቀው ግን አንድ ሰው ነው። የእህቷ ልጅ አክሊል። እናቱ ስትሞት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፤ እሷ አሳደገችው። አሁን ባንክ ይሠራል፤ ከሳሌም ጋር ቀለበት አስሯል፤ ቪትዝ መኪና አለው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ደግሞ ካሜራ ገዝቶ ያበደ ይመስል ሜዳ ለሜዳ ይዞራል። ያነሳውን ፌስቡክ ላይ ይለጥፋል። «ከከተማ ወጣ ስንል» ብሎ ገጽ ከፍቷል፤ አርባ ሺህ ሰው ይከታተለዋል። ወለተማርያም አርባ ሺህ ሥራ ፈት በአንድ አገር መኖሩ ይገርማታል።

በመስከረም መጨረሻ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ ስትመለስ ሁለቱ በር ላይ ጠበቋት።

«እቴቴ፣ ግቢ። ዛሬ ዘና እናደርግሻለን» አለ አክሊል የመኪናውን በር ከፍቶ።

«ወዴት ነው?»

«የትም። አስፋልቱን እንለቅና በውስጥ በውስጡ መንገድ ቀስ እያልን እንነዳለን። ያማረንን ፎቶ እያነሳን። በቃ።»

«የትም ለመሄድ ነው ነዳጅ የምታቃጥለው?»

«እትዬ፣ አይጨቅጭቁት» አለች ሳሌም እየሳቀች። ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፤ ፀጉሯን ለቃዋለች። «እርስዎ የሚያውቁት አገር ነው፤ ያስጎበኙናል።»

ወለተማርያም ጉልበቷን በሁለት እጇ ደግፋ ከኋላ ገባች። እምቢ ያላለችው ቤት ውስጥ የሚጠብቃት ሰው ስላልነበረ ነው፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገረችም።

በአዲሱ ገበያ አድርገው ዳገቱን ወጡ፤ እንጦጦን ተሻግረው ወደ ሱሉልታ ወረዱ። ከከተማው አለፍ ብለው ኮረኮንች ውስጥ ሲገቡ ሳሌም ለስለስ ያለ ሙዚቃ ከፈተች። አክሊል በየመቶ ሜትሩ ይቆማል። ባሕር ዛፍ አየ፣ ቆመ። አህያ አየ፣ ቆመ። ጭቃ ውስጥ የተኛ ሰማይ አየሁ ብሎ ቆመ፤ ውኃ ያቆረ የጋሪ ጎማ ቦይ ነበር። ሆዱን መሬት ላይ አድርጎ አነሳው።

«እናትህ ይህን ሳታይ በመሞቷ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ወለተማርያም በመስኮት።

ጥቂት እንደሄዱ ጤፍ አዩ፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጥቅጥቅ ያለ።

«እቴቴ፣ ቀለሙን አየሽ? ይሄን ያህል አረንጓዴ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ዩሪያ ነው። አብዝቶበታል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጅራፍ እንደመቱት ይጋደማል።»

«ሁሉን ነገር ማበላሸት!»

«እኔ ምን አበላሸሁ? ዩሪያው ነው ያበላሸው።»

ሳሌም መስኮቱን ዝቅ አድርጋ አየሩን ሳበች። «እኔ ግን የእውነት እዚህ መኖር ነው የሚያምረኝ። ይሄ ሰላም! ምንም ጭንቀት የለም እኮ።»

«ኑሪያ» አለች ወለተማርያም። «ማን ከለከለሽ? ውኃው ከዚያ ሸለቆ ሥር ነው። ጀሪካኑ ሃያ ሊትር ይይዛል።»

ሳሌም መስኮቱን መልሳ ዘጋችው። መንገዱ አንድ ጉብታ ዞሮ ሲወርድ ግን አክሊል ፍሬኑን በድንገት ረገጠው፤ የወለተማርያም ግንባር የፊት ወንበሩን መታ።

ከመንገዱ በግራ በኩል አንድ ማሳ ሙሉ በሙሉ ቢጫ ሆኗል። ከዳር እስከ ዳር፣ እስከ ሰው ወገብ ድረስ፣ አበባ ብቻ። ንፋስ ሲነካው እንደ ውኃ ይላወሳል። ከጀርባው ተራራው ሰማያዊ ነው።

«አምላኬ!» አለ አክሊል። ካሜራውን ይዞ ወረደ፤ ሳሌምም ተከተለችው። ማሳው መሀል ገብታ እጇን ዘርግታ ቆመች። ቀና በይ ይላታል፤ ዞር በይ ይላታል፤ ፈገግ አትበይ፣ ልክ እንደምታስቢ ሁኚ ይላታል። እሱ ደግሞ ወደ ፊት ወደ ኋላ እያለ ይረግጣል።

ወለተማርያም ቀስ ብላ ወርዳ ማሳው ዳር ቆመች። ጎንበስ ብላ አበባውን በእጇ ከፈል አድርጋ ሥሩን አየች። ከዚያ ቀና አለች።

«አክሊል! ውጣ ከዚያ!»

«አንዴ እቴቴ፣ ብርሃኑ ሳይሄድብኝ! አደይ አበባ እንዲህ አብቦ አይቼ አላውቅም!»

«አደይ አይደለም፤ አረም ነው! የረገጥከው ስንዴ ነው! ና እስቲ ወደ ሥሩ እይ።»

አክሊል መጥቶ አየ። አበባው ሥር የስንዴ አገዳ አለ፤ እንደ ክር የቀጠነ፣ የገረጣ፣ ዛላው የመከነ። እዚህም እዚያም አረሙ አንቆት ተኝቷል።

«ይህን ማሳ ከተዘራ ጀምሮ ሰው አልነካውም» አለች። «ባለቤቱ ወይ ታሟል፣ ወይ ሞቷል፣ ወይ ተስፋ ቆርጧል። አንተ የሰው ረሃብ ነው ፎቶ የምታነሳው።»

አክሊል አገዳውን ትንሽ አየት አደረገና ወደ ካሜራው ተመለሰ። «ቢሆንም ያምራል» አለ።

ይቺን «ቢሆንም» ወለተማርያም እስከዛሬ አልረሳቻትም። አርባ ሺህ ሰው የሚከተለው ልጇ አፍ ውስጥ ያለችው ቃል ይህችው «ቢሆንም» ብቻ እንደሆነች ያን ቀን ገባት።

ከጉብታው በላይ ካሉት ቤቶች አንድ ሰው እየሮጠ ሲመጣ የታየው ይሄን ጊዜ ነው። አርባ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ቀጭን፣ ቡናማ ኮት የደረበ ሰው ነው። ሳሌም ፈርታ ወደ መኪናው ሸሸች። ሰውዬው ግን ሲደርስ ባርኔጣውን አወለቀ፤ እጁን ኮቱ ላይ ጠርጎ በየተራ ጨበጣቸው። ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀ። ባጫ እባላለሁ አለ፤ ማሳው የእሱ ነው።

አክሊል «ይቅርታ፣ ማለቴ... ትንሽ ፎቶ ብቻ...» ብሎ ጀመረ።

«አንሱ፣ አንሱ» አለ ባጫ በአማርኛ። «እኔ አልከለክልም። አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ፤ መቼ ነው የምትወስዱት?»

«ምኑን?»

«መሬቱን ነዋ። ቁርጡን ንገሩኝ። አልጣላም። ቁርጡን ብቻ።»

አክሊልና ሳሌም ተያዩ። ወለተማርያም ግን መሬት ሊወስዱ የመጡ ሰዎች መስለውት እንደሆነ ሳይነገራት ገባት። በኦሮምኛ ሰላም አለችው፤ ደንግጦ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ፤ ከዚያ በኋላ ወሬው በሁለቱ ቋንቋ ሆነ።

ባለፈው ዓመት በጥር፣ አለ ባጫ፣ ሰዎች በመኪና መጡ። እንደዚህ እንደ እናንተ ካሜራ ይዘዋል። ማሳውን ዞረው ፎቶ አነሱ፤ ድንበሩ ላይ ቀይ ቀለም ቀቡ። ለልማት ይፈለጋል፣ ካሳ ይታሰብላችኋል፣ ተመልሰን እንመጣለን ብለው ሄዱ። በዚያው ጠፉ። ሰኔ ሲገባ ዘር ስለነበረው ዘራ። አረም ሲደርስ ግን ጎረቤቱ ሳቀበት፤ ለሰው መሬት ወገብህን ትቆርጣለህ ወይ አለው። ደቦ ልጥራ ቢል የሚመጣ የለም፤ የሁሉም ማሳ ቀይ ተቀብቷል። ዛሬ ይመጣሉ፣ ነገ ይመጣሉ ሲል ሐምሌ አለፈ። ነሐሴም አለፈ።

«ይኸው ዛሬ መጣችሁ» አለ።

አክሊል ጉሮሮውን ጠረገ። ባንክ ቤት ደንበኛ ሲያስቀይም እንደሚያደርገው ፊቱን አለሰለሰ። «እሺ ጋሼ፣ አይጨነቁ። ለሚመለከተው አካል እናሳውቃለን።»

«ማንን ነው የምታሳውቀው?» ወለተማርያም ጮኸች። «ማንን ታውቃለህና ነው? አርባ ሺህ ሥራ ፈትህን ነው የምታሳውቀው?» ወደ ባጫ ዞረች። «ኦቦ ባጫ፣ ይስሙኝ። እኛ ማንም አይደለንም። ይሄ ልጄ ነው፤ ጨዋታ ወጥቶ ነው። ፎቶውን ያነሳው ማሳዎ አማረኝ ብሎ ነው።»

«አማረኝ ብሎ?»

«አዎ።»

ባጫ ዞሮ የራሱን ማሳ አየ። አክሊልን አየ፤ ደግሞ ነጩን ቀሚስ አየ። ከዚያ ሳቅ አፈነው፤ ባርኔጣውን አፉ ላይ አድርጎ ሳቀ። «አዴ፣ እኔ እኮ ይህን ላለማየት ብዬ በሌላ መንገድ ነው ወደ ገበያ የምሄደው።»

አክሊል ጆሮው ቀላ።

«እርስዎስ ምን ነበር ሥራዎ? ኦሮምኛውን የት ለመዱት?» አለ ባጫ ሳቁ ሲበርድለት።

ወለተማርያም መዋሸት አልሆነላትም። እርሻ ስለካ ነበር የኖርኩት አለችው። የባጫ ፊት ወዲያው ተዘጋ። ይህን አዘጋግ ታውቀዋለች፤ ሃያ ስምንት ዓመት በየደጁ ያየችው ፊት ነው። ለምን ትለኪያለሽ ሲሏት «ለዕቅድ ነው» ትል ነበር፤ መልሱን መሥሪያ ቤቱ በሥልጠና አስጠንቷታል። እንዲህ አረም የዋጠው ማሳ ሲደርሳትም ቅጹ ላይ «የጉዳት ምክንያት» የሚል ሣጥን ነበር፤ ለአረም ቁጥር አለው። ቁጥሩን ትሞላና ወደሚቀጥለው ማሳ ትሄዳለች። ለምን አላረምክም ብላ አንዱንም ገበሬ ጠይቃ አታውቅም፤ ሣጥን አልነበረውም። አለቆቼ ከመኪና አይወርዱም እያለች ስትንቅ የኖረችው እሷ፣ በእግሯ ሄዳ ምን ያህል የተሻለ እንዳየች ያን ሰዓት ራሷን ጠየቀች። መልሱን አልወደደችውም።

«ለከርሞ ልዝራ ወይስ ልተው?» አለ ባጫ። «ይህንን እንኳ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ።»

«ስልክዎን ይስጡኝ። ጠይቄ እነግርዎታለሁ» አለች። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ራሷን ረገመች። ከአክሊል በምን ተሻልኩ?

ሲመለሱ ሙዚቃ አልተከፈተም። እንጦጦ ላይ ሲደርሱ ሳሌም ቀስ ብላ «ፎቶውን ብናጠፋውስ?» አለች። አክሊል ግን ሰውዬው አጥፉት አላለም አለ።

ማክሰኞ ዕለት ፎቶው ወጣ። ወለተማርያም ያወቀችው ከደጇ በታች ሱቅ ያላት ረሂማ ስልኳን ስታሳያት ነው። «የእርስዎ አክሊል አይደል? ማሻ አላህ፣ አገራችን እንዲህ ታምራለች!» ከፎቶው ሥር «ወርቅ የለበሰው የገበሬው ማሳ» ይላል። ሳሌም መሀሉ ቆማ ታስባለች።

«ረሂማ፣ እዚህ ላይ ሰው መጻፍ ይችላል አይደል?»

«ይችላል።»

«ጻፊልኝ።» ወለተማርያም ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ልክ ቅጽ እንደምታስሞላ ቃል በቃል አስጻፈቻት፦ «ይህ የስንዴ ማሳ ነው። ቢጫው አረም ነው። ባለቤቱ መሬትህ ይወሰዳል ተብሎ ሳያርም ቀረ፤ ዘንድሮ ከዚህ ማሳ እፍኝ አያገኝም። ልጅቷም የቆመችው እህሉ ላይ ነው። የአንሺው አክስት፣ ወለተማርያም።»

ጽሑፉ አንድ ሰዓት እንኳ አልቆየም። ማታ አክሊል ደወለ። «እቴቴ፣ ምን አደረግኩሽ? ሰው እኮ እዚያ የሚገባው ጭንቀቱን ለመርሳት ነው!»

«አጠፋኸው?»

«አዎ አጠፋሁት!»

«ሰውዬው አጥፋ አላለህም ብለህ ፎቶውን ተውከው፤ እኔ ጽሑፌን አጥፋ ብዬሃለሁ?» ስልኩን ዘጋችበት፤ እስከ ገና አላነጋገረችውም። ሳሌም ግን በመሀል ብቻዋን መጣች። ከዚያ ፎቶ ውስጥ አውጣኝ ብዬው ተጣላን አለች። ወለተማርያም ይህችን ልጅ መናቋን ለጊዜው አቆመች።

የገባችውን ቃል ለመጠበቅ ግን ቀላል አልሆነላትም። መጀመሪያ የድሮ ሥራ ባልደረባዋን ዘርዓብሩክን ፈለገች፤ እሱ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ላካት፤ ያ ወደ ሌላው። በስተመጨረሻ አንድ ወጣት ኮምፒውተሩን ረጅም ጊዜ አየና «እማማ፣ ቦታው ካርታው ላይ አለ» አላት።

«ይወሰዳል ማለት ነው?»

«አለ ማለት ነው።»

«መቼ?»

«እሱ በሌላ ክፍል ነው የሚታየው።»

ሌላው ክፍል ስብሰባ ላይ ነበር። ሦስት ጊዜ ተመላለሰች፤ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነበር። ግንቦት ሲያልቅ ዝናቡ ጀመረ። አፍራ የሸሸችውን ስልክ መደወል ግድ ሆነባት።

«ኦቦ ባጫ፣ ወለተማርያም ነኝ። የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። እኔን ከሰሙኝ ግን ይዝሩ። ካልመጡ እህል ነው፤ ከመጡም ተዘርቶ ይምጡበት።»

በስልኩ ውስጥ ያ ሳቅ መጣ። «አዴ፣ እርስዎን ስጠብቅ ክረምቱ ይለፈኝ? መሬቱን ሦስቴ ደግሜ አርሼው ዘሩን አዘጋጅቻለሁ። ጎረቤቶቼም እያረሱ ነው። ተስማማን፤ የመጣው ይምጣ አልን።»

ወለተማርያም ከቢሮ ቢሮ የተንከራተተችበት በጋና በልግ በአንድ ሳቅ አለቀ። ለአፍ ያህል «አረሙንስ?» አለች።

«ሐምሌ ላይ ደቦ አለ። እነዚያን ልጆች ያምጧቸው።»

ለቀልድ ነበር የተናገረው። እሷ ግን እንደ ቀልድ አልወሰደችውም፤ ለአክሊል ደወለችለት። ያኔ ከሳሌም ጋር ታርቀው ነበር፤ እምቢ ለማለት አልደፈረም። በሐምሌ አጋማሽ ሄዱ። መኪናውን ኮረኮንቹ ላይ ትተው ጭቃውን በእግራቸው ወረዱ። ሃያ የሚሆን ሰው ተሰልፎ ያርማል። ሳሌም ቀሚሷን ትታ ሱሪ ለብሳ መጥታለች፤ ከሴቶቹ መሀል ገብታ እስከ ምሳ ወገቧን ሳታቀና ዋለች። አክሊል ግን ግማሽ ሰዓት እንደሠራ ባጫ ከኋላው መጥቶ የነቀለውን እፍኝ ከእጁ ተቀበለ፤ ዘርግቶ አየው። ግማሹ ስንዴ ነበር።

«ተው፣ ልጄ» አለው። ክንዱን ይዞ በጥንቃቄ፣ ቡቃያ እንዳይረግጥ እግሩን እየመራ፣ ከማሳው አወጣው። አራሚው ሁሉ ቀና ብሎ አየ። ወለተማርያም ድንበሩ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ልጇ መጥቶ አጠገቧ ቁጭ አለ። የምትለው ብዙ ነበራት። ፊቱን ስታየው ግን ተወችው፤ ነጠላዋን አውልቃ ጭቃውን ከግንባሩ ጠረገችለት። ከዚያ ከእግሩ ሥር ሁለት ቅጠል ቆርጣ ጎን ለጎን መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«ይሄ ስንዴ ነው። ይሄ አረም። ያዝና እይ» አለችው።

ለረጅም ጊዜ አየ። ልዩነቱን ማወቁን ግን እስከዛሬ ትጠራጠራለች።